ሲግናሉ የት ገባ? በኪካድ የሌብል ገጽ ማጣቀሻን በትክክል የማውጣት ዝርዝር መመሪያ

ባለብዙ ገጽ ስኬማቲክ (የሰርኪዩት ሥዕል) ይዘው የሚመጡልኝ ልጆች ሁሌም የሚቸገሩት አንድ ቦታ ላይ ነው። ሽቦው ገጽ 3 ላይ ከማይክሮኮንትሮለሩ ይወጣል፤ ጠርዝ አጠገብ ሲደርስ ሌብል (የሲግናሉ ስም የተጻፈበት ምልክት) ላይ ያበቃል፤ ሌብሉ «ፓምፕ_ኦን» ይላል። ከዚያስ? ቀጣዩን ለማግኘት የቀሩትን ገጾች አንድ በአንድ ማገላበጥ ነው። ኮምፒውተር ላይ ችግሩ አይታይም፣ ስሙን ጽፎ መፈለግ ይቻላልና። እዚህ ኮምቦልቻ ግን ስኬማቲክ የሚነበበው ወረቀት ላይ ነው፦ ደሴ ፒያሳ ወይም እዚሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ታትሞ፣ በጥቁርና ነጭ፣ በኤ4፣ ማሽን ሥር ተጎንብሶ፣ በስልክ መብራት።

ከሁለት ክረምት በፊት አንድ የቆመ ማሽን እንዳስነሳ በሌሊት ተጠርቼ ነበር። የሰጡኝ ስኬማቲክ ስድስት ገጽ ነው፤ የኮፒ ኮፒ፤ ጥጉ ላይ የቅባት አውራ ጣት አሻራ አለበት። ገጽ 2 ላይ «ስታርት» የሚል ሌብል አገኘሁ። የቀሩትን አምስት ገጾች ሁለት ጊዜ ዞርኳቸው፤ «ስታርት» የሚል ሌላ የለም። የፈረቃው ኃላፊ «አብሽር፣ ይገኛል» ይለኛል፤ እኔ ግን ላብ አጥምቆኛል። በመጨረሻ ወረቀቱን ትቼ በመልቲሜትሩ ጩኸት ሽቦውን ከፒን ወደ ፒን ስከተለው ገጽ 5 ላይ «ኤስቲአርቲ» ከሚለው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሥዕሉን የሠራው ሰው ከተሠራ ቦርድ ላይ ሲገለብጥ አንዱን ሲግናል በሁለት ስም ጽፎታል፤ ገጽም አልጠቆመም። ብልሽቱ ራሱ የተቃጠለ የሪሌይ ኮንታክት ነበር፤ ለመቀየር ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሌሊቱን የበላው ሌብሉ ነው።

ስለዚህ ሌብል ሁለት ነገር መናገር አለበት፦ ማን እንደሆነና የት የት ገጽ ላይ እንደሚገኝ። ሁለተኛውን፣ ማለትም የገጽ ማጣቀሻውን፣ ስኬማቲክ የምንሠራበት ሶፍትዌር ኪካድ ራሱ ይጽፍልናል፤ የሚጽፈው ግን ቅድመ ዝግጅቱን ካስተካከልንለት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ማጣቀሻውን ያበራና «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። ችግሩ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከማብራቱ በፊት ያለው ሥራ ላይ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው ለውሃ ታንከር የሚሆን የፓምፕ መቆጣጠሪያ ቦርድ ነው። አምስት ገጽ አለው፦ ገጽ 1 አጠቃላይ ሥዕሉ፣ ገጽ 2 ፓወር ሰፕላይ፣ ገጽ 3 ማይክሮኮንትሮለር፣ ገጽ 4 የውሃ ልክ ሴንሰሮች፣ ገጽ 5 ሪሌይና ሞተር። የሜኑዎቹንና የሲግናሎቹን ስም እዚህ በንባባቸው ነው የጻፍኳቸው፤ ሶፍትዌሩ ላይ የሲግናል ስም በላቲን ፊደል ጻፉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሀ. ፕሮጀክቱን ቅዱ። በኪካድ ዋና መስኮት ከ«ፋይል» ሜኑ «አርካይቭ ፕሮጀክት» የሚለውን ተጫኑ፤ አንድ ዚፕ ፋይል ያወጣላችኋል። ስሙ ላይ ቀን ጨምራችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። ስም በጅምላ እየቀየራችሁ ሳለ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ ባትሪ ካልያዘ፣ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ስም ያለው ፋይል ይዛችሁ ትቀራላችሁ። እያንዳንዱ ደረጃ ሲያልቅ ኮንትሮልና ኤስ ተጫኑ።

ለ. ቨርዥን ተስማሙ። የገጽ ማጣቀሻ ያለው ከኪካድ 6 ጀምሮ ነው። በአዲስ ቨርዥን ሴቭ የተደረገ ፋይል በአሮጌው አይከፈትም። በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቨርዥን ሳይጭን አትጀምሩ።

ሐ. ኢአርሲን (የኪካድን የስህተት መፈተሻ) አሁኑኑ አንድ ጊዜ አስኪዱና ስንት ስህተት እንዳለ ጻፉ። ሥራው ሲያልቅ የትኛው ነባር፣ የትኛው እናንተ ያመጣችሁት እንደሆነ የምትለዩት በዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ የሚሻገሩትን በእጅ ዘርዝሩ

አንድ ወረቀት ውሰዱና ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ስም፣ የሚነሳበት ገጽ፣ የሚደርስባቸው ገጾች። ከገጽ ወደ ገጽ የሚሻገረውን ሲግናል ብቻ ጻፉ። በአንድ ገጽ ውስጥ ተነስቶ እዚያው የሚያልቅ ሽቦ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም።

በእኛ ቦርድ ዝርዝሩ አጭር ነው። «ፓምፕ_ኦን» ከገጽ 3 ወደ 5። «ውሃ_ሙሉ» እና «ውሃ_ባዶ» ከገጽ 4 ወደ 3። «ሪሴት_ኤን» ከገጽ 2 ወደ 3 እና 5። «ሞተር_ሙቀት» ከገጽ 5 ወደ 3። አምስት መስመር ብቻ።

ይህን ደረጃ የሚዘለው ሰው ይበዛል። አትዝለሉት። ኋላ ኪካድ የሚያወጣውን ቁጥር የምታመሳክሩት ከዚህ ወረቀት ጋር ነው፤ ወረቀቱ ከሌለ ሶፍትዌሩ የነገራችሁን ሁሉ ከመቀበል ሌላ ምርጫ የላችሁም። መነሻ የሌለው ወይም መድረሻ የሌለው ሲግናል ካገኛችሁም ሥዕሉ ላይ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው፤ እዚሁ አቁማችሁ እሱን ፈልጉ።

ደረጃ 2፦ ስሞቹን አጽዱ

ኪካድ ሁለት ሌብሎችን አንድ የሚያደርጋቸው ስማቸው ፊደል በፊደል ሲመሳሰል ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደልን እንኳ ይለያል። ስለዚህ፦

1. ለአንድ ሲግናል አንድ ስም ብቻ ስጡ። ሁሉንም በትልቅ ፊደል ጻፉ። በቃላት መካከል ክፍት ቦታ አትተዉ፣ የግርጌ ሰረዝ ተጠቀሙ።

2. ስሙ የሚሠራውን ይናገር እንጂ የሚሄድበትን አይናገር። «ፓምፕ_ኦን_ገጽ5» ብለው የሚሰይሙ አሉ። ነገ አንድ ገጽ ሲጨመር ስሙ ውሸት ይሆናል። ገጹን የሚናገረው ማጣቀሻው ነው።

3. ስሙን ከ12 ፊደል አታስበልጡ። ከኋላው የገጽ ቁጥር ይከተላል፣ ቦታ ይፈልጋል።

4. በኮፒ የሚምታቱ ፊደላትን ሽሹ። የላቲኑ ኦ ከዜሮ፣ ትንሿ ኤል ከአንድ ቁጥር ጋር ሦስተኛ ኮፒ ላይ አይለዩም።

5. ቮልቴጁ ሲወርድ ለሚሠራ ሲግናል ከስሙ በላይ መስመር ማስመር ይቻላል፤ ኪካድ ላይ የማዕበል ምልክትና ጠምዛዛ ቅንፍ ይጻፍለታል። እኔ አላደርገውም። ያቺ ቀጭን መስመር ፎቶ ኮፒ ላይ ትጠፋለች፣ አንባቢውም ሲግናሉን ገልብጦ ይረዳዋል። በምትኩ ስሙ መጨረሻ ላይ የግርጌ ሰረዝና ኤን ጨምሩ፦ «ሪሴት_ኤን» እንዳልኩት።

ለመቀየር ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ ተጫኑ፤ የ«ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» መስኮት ይከፈታል። ሙሉ ቃል ብቻ እንዲፈልግ ምልክት አድርጉ። ያን ካላደረጋችሁ «ሪሴት»ን ስትቀይሩ «ሪሴት2»ም አብሮ ይነካል። ፍለጋው በአንድ ገጽ ብቻ እንዳይወሰን የሚያደርገው ምልክት መነሳቱን አረጋግጡ። ይህ ሲረሳ ገጽ 3 ላይ አዲሱ ስም፣ ገጽ 5 ላይ አሮጌው ይቀራል፤ ግንኙነቱም ይበጠሳል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመቀየር አንድ በአንድ እያያችሁ ቀይሩ።

ለሲግናሎቹ በስማቸው ኔት ክላስ (ለሽቦዎች በቡድን የሚሰጥ ደንብ) ሰጥታችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለሞተር መስመር ወፍራም ትራክ፣ ስሙ ሲቀየር ያ ትእዛዝ አዲሱን ስም አያውቀውም። ስኬማቲክ ሴትአፕ ውስጥ ገብታችሁ እሱንም አስተካክሉ።

ደረጃ 3፦ የሌብሉን ዓይነት ምረጡ

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ኪካድ ሦስት ዓይነት ሌብል አለው፤ ሦስቱም ሽቦ ላይ ሲታዩ ተቀራራቢ ናቸው፤ የሚሠሩት ግን የተለያየ ነው።

ሎካል ሌብል በአንድ ገጽ ውስጥ ብቻ ያገናኛል። ገጽ 3 ላይ እና ገጽ 5 ላይ «ፓምፕ_ኦን» የሚል ሎካል ሌብል ብታስቀምጡ ሁለቱ አይገናኙም። ሥዕሉ ያማረ ይመስላል፤ ቦርዱ ላይ ግን ሽቦ የለም። በኤል ቁልፍ የሚመጣው ይህ ስለሆነ ጀማሪ ሁሉ የሚጠቀመው እሱን ነው።

ግሎባል ሌብል በሁሉም ገጾች ላይ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ያገናኛል። የሚመጣው በኮንትሮልና ኤል ነው። የገጽ ማጣቀሻ የሚጻፍለትም እሱ ነው።

ሃይራርኪካል ሌብል ከአንድ ገጽ ወጥቶ በላይኛው ገጽ ላይ ባለው የሺት ሳጥን (ያን ገጽ በሚወክለው ሳጥን) ፒን በኩል ያልፋል። በኤች ቁልፍ ይመጣል። አንባቢው መንገዱን የሚያገኘው በላይኛው ገጽ በኩል ዞሮ ነው።

ዝርዝራችሁ ላይ ያሉትን ሲግናሎች አንድ በአንድ ሂዱባቸው። ሎካል ሆኖ የተገኘውን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ቼንጅ ቱ» ከሚለው ወደ ግሎባል ለውጡ። በአንድ ገጽ የሚያልቁትን በሎካልነታቸው ተዉአቸው። ሁሉንም ግሎባል የሚያደርግ አለ፤ እንዲህ ሲሆን ወረቀቱ በማያስፈልግ ቁጥር ይሞላና ዋናው አይታይም። ለ5 ቮልት እና ለግራውንድ የፓወር ምልክቶቹን ተጠቀሙ፤ እነሱ በራሳቸው በሁሉም ገጽ ይገናኛሉ፣ ማጣቀሻም አይፈልጉም።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድ ገጽ ስላችሁ ሦስት ጊዜ የምትጠቀሙበት ከሆነ በውስጡ ግሎባል ሌብል አታስገቡ። ቦርዳችን ወደ ሦስት ፓምፕ አደገ እንበል። የሪሌዩን ገጽ አንድ ጊዜ ሠርታችሁ ሦስት የሺት ሳጥን አስቀመጣችሁ፤ ሦስቱም የሚጠሩት አንድ ፋይል ነው። በውስጡ «ፓምፕ_ኦን» ግሎባል ከሆነ ሦስቱ ሪሌዮች አንድ ሽቦ ይሆናሉ። አንዱን ፓምፕ አስነሳ ስትሉት ሦስቱም ሞተሮች አብረው ይነሳሉ። እንዲህ ባለ ገጽ ውስጥ ሃይራርኪካል ሌብል ብቻ ይግባ፤ በላይኛው ገጽ ላይ ደግሞ እያንዳንዱን ፒን «ፓምፕ1_ኦን»፣ «ፓምፕ2_ኦን»፣ «ፓምፕ3_ኦን» ከሚሉ የተለያዩ ግሎባል ሌብሎች ጋር አገናኙ። ማጣቀሻውም ከዚያ ይጀምራል።

የግሎባል ሌብሉን ቅርጽም እዚሁ አስተካክሉ። ሌብሉን መርጣችሁ የኢ ቁልፍን ስትጫኑ ኢንፑት፣ አውትፑት፣ ባይዳይሬክሽናል እያለ ያማርጣችኋል። ቅርጹ ግንኙነቱን አይለውጠውም፤ አንባቢው ግን ሲግናሉ እየገባ ይሁን እየወጣ የሚያውቀው በጫፉ ሹል ነው። በጥቁርና ነጭ ሲታተም ቀለም ይጠፋል፣ የሚቀረው ይህ ሹል ነው። «ፓምፕ_ኦን» ገጽ 3 ላይ አውትፑት፣ ገጽ 5 ላይ ኢንፑት ይሁን።

ደረጃ 4፦ ገጾቹን ቁጠሩ

ማጣቀሻው የሚጽፈው ለገጹ የተሰጠውን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተዘበራረቀ ማጣቀሻውም ይዘበራረቃል። በሃይራርኪ መቃኛው ላይ ያሉትን ገጾች ከላይ ወደ ታች እዩ። ኪካድ ቁጥር የሚሰጠው ሺቱ በተፈጠረበት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ መጨረሻ ላይ የጨመራችሁት ፓወር ሰፕላይ ገጽ 5 ሆኖ ይገኛል። የሺት ሳጥኑን ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ የገጽ ቁጥር ማስተካከያውን ክፈቱና ቁጥሩን ቀይሩ። ሁለት ገጽ አንድ ቁጥር እንዳይዝ አንድ በአንድ ተመልከቱ።

የሚታሰርበትንም አስቡ፦ ወረቀቱ የሚደረደረው በዚህ ቁጥር ነው። ከመሐል ገጽ ለመጨመር ከተገደዳችሁና የታተመው ቅጂ ሰው እጅ ከገባ፣ ሁሉንም ከማንቀሳቀስ ለአዲሱ ገጽ ቁጥርና ፊደል መስጠት ይሻላል፤ ኪካድ ፊደል የተጨመረበትን ቁጥር ይቀበላል።

ደረጃ 5፦ ማጣቀሻውን አብሩ

1. በስኬማቲክ ኤዲተሩ ከ«ፋይል» ሜኑ «ስኬማቲክ ሴትአፕ» ክፈቱ።

2. በግራ በኩል «ፎርማቲንግ» የሚለውን ምረጡ። «ኢንተር ሺት ሬፈረንስስ» የሚል ክፍል ታገኛላችሁ።

3. «ሾው ኢንተር ሺት ሬፈረንስስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ።

4. «ሾው ኦውን ፔጅ ሬፈረንስ» የሚለውን አንሱት። ገጽ 3 ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሰው «ገጽ 3» ብሎ መንገር አይጠቅመውም። ከዚህ የምለየው ሲግናሉ በአንዱ ገጽ ላይ ሁለት ሦስት ቦታ ሲገኝ ብቻ ነው።

5. ከሁለቱ አጻጻፎች «ስታንዳርድ» የሚለውን ምረጡ። ሌላው፣ ያጠረው፣ ከሁለት በላይ ገጽ ሲሆን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ይጽፋል። ሲግናሉ ከምታነቡት ገጽ ሌላ ገጽ 2፣ 3 እና 5 ላይ ካለ «2..5» ይላል። አንባቢው ገጽ 4 ላይ የሌለውን ሲፈልግ ይውላል። ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ ሰው አይሳሳት።

6. ከፊትና ከኋላ የሚገባውን ምልክት እዩ። ኪካድ ቁጥሩን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያስገባዋል፦ «ፓምፕ_ኦን [5]»። ይህ ደህና ነው፣ ተዉት። ቅንፉን የሚያጠፉ አሉ፤ ያኔ ቁጥሩ ከስሙ ጋር ይጣበቅና «ፓምፕ_ኦን5» የሚል ሌላ ሲግናል ይመስላል።

7. «ኦኬ» በሉ። አሁን ገጽ 3 ላይ «ፓምፕ_ኦን» አጠገብ 5፣ ገጽ 5 ላይ ደግሞ 3 ማየት አለባችሁ።

ደረጃ 6፦ ለማጣቀሻው ቦታ ልቀቁለት

ማጣቀሻው ሲበራ ሌብሉ ይረዝማል፤ አጠገቡ ያለ ሬዚስተር ወይም የገጹ ፍሬም ላይ ይወጣል። ከሌብሉ ጫፍ በኋላ 20 የግሪድ ካሬ ያህል ባዶ አድርጉ፤ በ1.27 ሚሊሜትር ግሪድ ይህ 25 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ለማንቀሳቀስ የጂ ቁልፍን ተጠቀሙ፤ ሽቦውን አብሮ ይጎትተዋል። የኤም ቁልፍ ግን ሌብሉን ከሽቦው ነጥሎ ሊወስደው ይችላል።

ነጥሎት እንደሆነ የምታውቁት ሌብሉ መያዣ ጫፍ ላይ በምትታየው ትንሽ ካሬ ነው። ካሬዋ ከታየች ሌብሉ ከምንም ጋር አልተገናኘም። አቅርባችሁ እዩ፤ ከሽቦው በግማሽ ግሪድ ርቆ የቆመ ሌብል ከሩቅ የተያያዘ ይመስላል።

አሁን ከሁሉ የምወደው ሥርዓት፦ የሚገቡት ሁሉ በገጹ ግራ ጠርዝ፣ የሚወጡት ሁሉ በቀኝ ጠርዝ ይሰለፉ። ኪካድ ገጹን እንጂ የገጹን ቀጠና (ዓምድና ረድፉን) አይነግርም፤ ገጽ 5 ላይ ሄዶ የት ጋ እንደሚያይ አንባቢው አያውቅም። ሁሉም ገቢ በግራ ጠርዝ ከሆነ ግን ዓይኑ አንዲት ዓምድ ወርዶ ያገኘዋል። ቀጠናውን በእጅ ጽሑፍ የሚጨምሩ አሉ፤ ሌብሉ ሲንቀሳቀስ ጽሑፉ ስለማይከተል አልመክረውም።

የፊደሉ መጠን ላይም አትቸኩሉ። የኪካድ የተለመደው ፊደል 1.27 ሚሊሜትር ቁመት አለው። ሥዕሉን በኤ3 ሠርታችሁ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በኤ4 ካተመው ሁሉም ነገር ወደ 71 ከመቶ ይወርዳል፤ ፊደሉ 0.9 ሚሊሜትር ይሆናል። በቢሮ መብራት ይነበብ ይሆናል፤ ማሽን ሥር አይነበብም። ሁለት መፍትሔ አለ፦ ከመጀመሪያው ገጹን ኤ4 አድርጎ ወደ ብዙ ገጽ መክፈል፣ ወይም በኤ3 ላይ ፊደሉን 1.8 ሚሊሜትር ማድረግ። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ማጣቀሻው ካለ የገጽ መብዛት አያስፈራም። መጠን በጅምላ ለመቀየር በ«ኤዲት» ሜኑ ያለውን የጽሑፍና የሥዕል ባሕርይ መቀየሪያ ተጠቀሙ፤ ግሎባል ሌብሎችን ብቻ መምረጥ ያስችላል።

ደረጃ 7፦ ኢአርሲን አስኪዱ፣ ግን አትመኑት

ከ«ኢንስፔክት» ሜኑ ኢአርሲን ክፈቱ። ከማስኬዳችሁ በፊት ስኬማቲክ ሴትአፕ ውስጥ የስህተት ክብደት የሚወሰንበትን ገጽ አይታችሁ፣ ሌብልን የሚመለከቱት «ኢግኖር» ላይ እንዳልሆኑ አረጋግጡ። ሦስት መልእክቶችን ፈልጉ፦ ሌብሉ ከምንም አልተገናኘም የሚለውን፣ ግሎባል ሌብሉ በሌላ ቦታ አልተገኘም የሚለውን፣ ሁለት ሌብሎች በትልቅና ትንሽ ፊደል ብቻ ይለያያሉ የሚለውን። ሦስቱም እስኪጠፉ አትለፉ።

ኢአርሲ የማይይዘው ግን አለ። «ሪሴት» በሁለት ገጽ፣ «አርኤስቲ» በሌላ ሁለት ገጽ ቢገኝ ለሶፍትዌሩ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጓደኛ አላቸው። አንድ ሲግናል መሆን እንደነበረባቸው የሚያውቀው ያ በእጃችሁ የጻፋችሁት ወረቀት ነው። እያንዳንዱን መስመር ከማጣቀሻው ጋር አስተያዩ። «ሪሴት_ኤን» ገጽ 2 ላይ [3,5] ካላለ የሆነ ቦታ የተሳሳተ ስም አለ።

ፒሲቢው (የቦርዱ ሥዕል) ተሠርቶ ከነበረ በኤፍ8 ለውጡን ወደ እሱ ስትልኩ፣ ከማጽደቃችሁ በፊት የሚቀርበውን የለውጥ ዝርዝር አንብቡ። ስም ብቻ አጽድታችሁ ከሆነ የምታዩት የስም ለውጥ መሆን አለበት። አንድ ፒን ከግራውንድ ወደ ሌላ ኔት ሲዛወር ካያችሁ አቁሙ፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ አትሙና በእርሳስ ተከተሉ

ከ«ፋይል» ሜኑ «ፕሎት» ክፈቱ። ፒዲኤፍ ምረጡ፣ የገጹ ፍሬም አብሮ እንዲወጣ ምልክት አድርጉ፣ ቀለሙን ጥቁርና ነጭ አድርጉ፣ ሁሉንም ገጾች አንድ ላይ አውጡ። ከዚያ በፊት በገጽ ማስተካከያው ላይ ቀንና የእትም ቁጥር ሙሉ። ቀን የሌለው ስኬማቲክ ከአሮጌው ጋር ሲቀላቀል ማንም አይለየውም።

ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄዱ ከስልክ ላይ ስክሪንሾት አታሳትሙ፤ ፒዲኤፉን በፍላሽ ውሰዱ። መጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ አሳትማችሁ በክንድ ርቀት ያዙት። ቁጥሩ ካልተነበበ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ፤ የቀሩትን ገጾች ገንዘብ አታውጡባቸው።

ከታተመ በኋላ ሥዕሉን ላልሠራው ሰው ስጡት። «ፓምፕ_ኦንን ከማይክሮኮንትሮለሩ ፒን እስከ ሪሌዩ ኮይል በእርሳስ አስኪድልኝ» በሉት፤ እናንተ አትናገሩ። እርሳሱ የቆመበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ከሪሌዩ ወደ ኋላ ይመለስ። ወደፊት ሄዶ ወደ ኋላ መመለስ ካቃተው አንደኛው ጫፍ ላይ ማጣቀሻው ጎድሏል ወይም ከሌላ ጽሑፍ ሥር ተሸፍኗል።

ሲያስቸግር

ማጣቀሻውን አብርቼ ምንም ቁጥር አልታየኝም። ሌብሉ ሎካል ነው፤ ቀኝ ክሊክ አድርጉና ዓይነቱን እዩ። ከአሥር አንድ ጊዜ ያህል ካልሆነ በቀር መልሱ ይህ ነው።

ቅንፉ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ያ ስም በሌላ ገጽ ላይ የለም። ኮንትሮልና ኤፍ ተጭናችሁ የስሙን የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ብቻ ፈልጉ፤ የተሳሳተው ወንድሙ ይገኛል። ስሙ መጨረሻ ላይ የማይታይ ክፍት ቦታ መኖሩንም እዩ።

የማልጠብቀው ገጽ ተጽፏል። የሆነ ቦታ ሁለት የማይገናኙ ሲግናሎች በአንድ ስም ተጠርተዋል። ይህ ከጎደለው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ቦርዱ ላይ ሾርት ይሆናል። ብዙ ጊዜ ከሌላ ፕሮጀክት የተቀዳ ገጽ «ኢንፑት1» ወይም «ሴንስ» የመሰለ አጠቃላይ ስም ይዞ ሲመጣ ይከሰታል። ገጽ ስትቀዱ ወዲያው ስሞቹን ቀይሩ።

ቁጥሩ ከሌብሉ ርቆ ወይም ላዩ ላይ ተቀመጠ። ሌብሉን መርጣችሁ የኦ ቁልፍን ተጫኑ፤ ራሱ ቦታ ያስይዘዋል። ካልተስማማችሁ ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ ማንቀሳቀስ ትችላላችሁ።

ኢግል ወይም አልቲየም የምትጠቀሙ ከሆነ

ኢግል ላይ ሌብሉ ባሕርይ ውስጥ «ኤክስሬፍ» የሚለውን አብሩ። እሱ ከገጹ በተጨማሪ ዓምድና ረድፉን ይጽፋል፤ ለዚህ ግን በየገጹ ፍሬም መኖር አለበት። ሁሉንም ገጾች አይዘረዝርም፣ አንዱን ብቻ ይጠቁማል። ወደ ቀኝ የዞረ ሌብል ከፍ ያለ ቁጥር ወዳለው ገጽ፣ ወደ ግራ የዞረ ዝቅ ወዳለው ይጠቁማል። እንግዲህ ግራና ቀኝ ያልኩት ሥርዓት እዚያ ላይ ግዴታ ነው ማለት ነው። አልቲየም ላይ ለፖርቶች የሚጨመር ማጣቀሻ አለ፤ ገጽንና ቀጠናን ይሰጣል። ከማተማችሁ በፊት ግን ማጣቀሻው እንደ አዲስ መጨመሩን አረጋግጡ፣ የቀድሞው ቁጥር ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ ከወጣ በኋላ ለውጥ ሲመጣ

ጥገና ላይ ሽቦ ቀይራችሁ ስኬማቲኩን ወዲያው ማሳተም ካልቻላችሁ፣ በቀይ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ አርሙ። ግን በሁለቱም ገጽ፦ ገጽ 3 ላይ ያለውን [5] ሰርዛችሁ [6] ስትሉ፣ ገጽ 5 ላይ የቀረውን ሌብል ሰርዙ፣ ገጽ 6 ላይ ደግሞ [3] ብላችሁ ጨምሩ። አጠገቡ ቀን ጻፉ። ቤት ስትገቡ ፋይሉን አስተካክላችሁ አሳትሙ፤ አዲሱን ማሽኑ ካቢኔ ውስጥ ስታስገቡ አሮጌውን ይዛችሁት ውጡ።